ጉዞ ያስተምራል ያሉኝ ምኑን ነው?

የአንባቢ ደብዳቤ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

አምድዎን አዘውትሬ አነባለሁ፤ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው። አሜሪካ ውስጥ የኮሌጅ ተማሪ ነኝ። ሁለተኛ ዓመቴን ጨርሻለሁ። ለኮሌጄ እሮጣለሁ፤ ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር አገር አቋራጭ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ 5,000 ሜትር። ስኮላርሺፕ ያገኘሁትም በሩጫዬ ነው።

አሁን የምጽፍልዎት ከሮም ነው። ኮሌጃችን በየሰመሩ ተማሪዎችን ወደዚህ ይልካል። እኛ ስፖርተኞች በትምህርት ዘመኑ መሃል ውጭ ሄዶ መማር አይታሰብልንም። ወይ ውድድር አለ፣ ወይ ልምምድ አለ። ስለዚህ ይሄ ሰመር ብቸኛ ዕድሌ ነበር። የሥነ ጥበብ ታሪክና ጀማሪ ጣልያንኛ ነው የምማረው። ልመጣ ስል ሁሉም ሰው "ታድለሽ!" አለኝ። እናቴ "ሂጂ ልጄ፣ ጉዞ ያስተምራል" አለችኝ። አሰልጣኜ ብቻ ደስ አላላትም። አትሂጂ አላለችኝም፤ "ኖቬምበር ላይ የሚታየው ሰመር ላይ የሮጥሽው ነው" ብላ የልምምድ ፕሮግራሙን በስልኬ ላከችልኝ።

እውነቱን ልንገርዎት፣ ምንም እየተማርኩ አይደለም። ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ ተነስቼ ወንዙን ይዤ እሮጣለሁ። ተመልሼ ታጥቤ ክፍል እገባለሁ። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ስለሚያደክመኝ እተኛለሁ። ማታ ከዶርሙ ልጆች ጋር እበላለሁ፤ ሁላችንም ከአንድ ኮሌጅ የመጣን ነን። ቅዳሜና እሁድ እነሱ በርካሽ አውሮፕላን ፓሪስ፣ ባርሴሎና ሲሉ እኔ ረጅም ሩጫዬ እንዳያመልጠኝ እቀራለሁ። ስልኬን ስከፍት ደግሞ የቡድኔ ልጆች አንድ ላይ ተራራ ላይ ሲሮጡ የተነሱትን ፎቶ አያለሁ። ሆዴ ባር ባር ይላል።

አንድ ቀን ቡና ልጠጣ አንድ ቤት ገብቼ ባንኮኒው ጋ ቆምኩ። ከኋላዬ የሚመጣው ሁሉ ጠጥቶ ይሄዳል። እኔን ዞር ብሎ ያየኝ የለም። ለካ መጀመሪያ ካሸሯ ጋ ከፍሎ ደረሰኝ ይዞ መምጣት ኖሯል! አፍሬ ሳልጠጣ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ቡና የምጠጣው ከዶርሙ ማሽን ነው።

ሩጫውም ቢሆን እንዳሰብኩት አልሄደልኝም። ፍጥነቴ ወርዷል። ለውድድር የምንሰለፈው ሰባት ብቻ ነን፤ ቦታዬን እንዳላጣ እሰጋለሁ። ኮርሱን አቋርጬ ብመለስ ይሻለኛል? ደግሞስ ያ ሁሉ ሰው ጉዞ ያስተምራል ሲል ምኑን ነው የሚያስተምረው? እኔ ምን ጎድሎኝ ነው ያልታየኝ?

ሯጯ፣ ከሮም


መልስ

ውድ እህቴ፣

አስቸኳዩን ላስቀድም። ኮርሱን አታቋርጪ።

ስጋትሽን አቃልዬ አይደለም። ኮሌጅሽ በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር (ኤንሲኤኤ) ከፍተኛ እርከን፣ በዲቪዥን 1 የሚወዳደር ከሆነ፣ ሦስተኛ ዓመትሽን ስትጀምሪ የዲግሪሽን 40 በመቶ ጨርሰሽ መገኘት አለብሽ። ለአራተኛው ዓመት 60 በመቶ ይጠበቅብሻል። የሰመር ክሬዲት እዚህ ውስጥ ይገባል፤ ግን ለዲግሪሽ የሚያዝልሽ ኮርስ መሆን አለበት። ጣልያንኛው ይያዝልሽ እንደሆነ ለትምህርት አማካሪሽ ዛሬውኑ ኢሜይል ጻፊላት። መሃል ላይ ጥለሽ ከተመለስሽ፣ ሩጫዬን ላድን ብለሽ የመወዳደር መብትሽን አደጋ ላይ ልትጥዪ ትችያለሽ።

ወደ ፍጥነትሽ ልምጣ። ፍጥነትሽ የወረደው ሰንፈሽ አይደለም። ሮም በጁላይ ከ30 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። እንዲህ ባለ ሙቀት ልብ ደም የሚረጨው ለጡንቻ ብቻ አይደለም፤ ሰውነት እንዲቀዘቅዝ ለቆዳም ማካፈል አለበት። ላቡ ደግሞ ፈሳሹን ይወስደዋል። ስለዚህ በለመድሽው ፍጥነት ስትሮጪ ልብሽ ከወትሮው በላይ ይመታል። ደስ የሚለው ነገር ሰውነት ይህን ይለምዳል። ከ10 እስከ 14 ቀን ያህል በሙቀት የተለማመደ ሰው የደሙ ፈሳሽ ክፍል ይጨምራል፣ ላብ ቶሎ ያልበዋል፣ የልብ ምቱም ይረጋጋል። እስከዚያ ድረስ የእጅ ሰዓትሽን ተይውና ትንፋሽሽን አዳምጪ። በቀላል ሩጫ ቀን እያወራሽ መሮጥ ከቻልሽ ልክ ነሽ።

ርቀቱ ቀነሰ ብለሽም አትደንግጪ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠሩ ጥናቶች ያሳዩት ነገር አለ። የልምምዳቸውን መጠን በብዙ የቀነሱ ሰዎች፣ ጥንካሬውን እስካልቀነሱ ድረስ ኦክስጅን የመጠቀም አቅማቸውን ለሳምንታት ይዘው ቆይተዋል። በሳምንት አንድ ሁለቴ ፈጠን ያለ ልምምድ ካለሽ አቅምሽ በአንድ ሰመር ተንኖ አይጠፋም። ማይልን ለመጀመሪያ ጊዜ ከአራት ደቂቃ በታች የሮጠውን እንግሊዛዊ፣ ሮጀር ባኒስተርን አስቢው። በ1954 የጸደይ ወራት የ400 ሜትር ገደማ ድግግሞሽ ሲሠራ ሰዓቱ አልወርድ ብሎት ተቸግሮ ነበር። ከልምምድ ጓደኛው ከክሪስ ብራሸር ጋር ልምምዱን ትተው ወደ ስኮትላንድ ተራሮች ሄዱ፤ ለጥቂት ቀናት ገደል ሲወጡ ሰነበቱ። ሲመለሱ ያ አልወርድ ያለ ሰዓት ወረደ። ሜይ 6 ደግሞ ማይሉን በ3:59.4 ሮጠ። አንቺ ደግሞ ጭራሽ ልምምድ አላቆምሽም።

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄሽ። ጉዞ ምኑን ነው የሚያስተምረው?

መልሱ ደብዳቤሽ ውስጥ አለ፤ ቡናው ጋ። አንቺ የ5,000 ሜትር የመጨረሻ ዙሮችን ሳንባሽ እየተቃጠለ ታግሰሽ የምትጨርሺ ሰው ነሽ። ከአንድ ባንኮኒ ግን ሸሽተሽ ወጣሽ። ልወቅስሽ አይደለም፤ ለምን እንደሆነ ስለሚገባኝ ነው። የኮሌጅ ስፖርተኛ ሕይወት ሌሎች ያቀዱት ሕይወት ነው። መቼ እንደምትነሺ፣ አውቶቡሱ ስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ በስንት ደቂቃ መሮጥ እንዳለብሽ የሚነግርሽ ሰው አለ። በምትችይው ነገር ነው የምትታወቂው። ሰው ስምሽን ሲጠራ ሰዓትሽን አብሮ ይጠራል። ሮም ላይ ግን ሰዓትሽን የሚያውቅ የለም። እዚያ ባንኮኒ ጋ የቆመችው ምንም የማታውቅ አዲስ ሰው ናት። ያ ነው ያስደነገጠሽ።

ጉዞ የሚያስተምረው እሱን ነው ብዬ አምናለሁ። አዲስ መሆንን። አለማወቅ አሳፍሮሽም ከቦታሽ አለመንቀሳቀስን። ሐውልትና ሙዚየም ማየት ደስ ይላል፤ ፎቶውን ግን እቤት ቁጭ ብለሽም ታገኚዋለሽ። "ይቅርታ፣ አልገባኝም፣ አሳዩኝ" ብሎ ለማያውቁት ሰው መናገር ግን በፎቶ አይገኝም። ከልጅነቱ ጀምሮ ጎበዝ የተባለ ሰው ደግሞ ይህን የሚለማመድበት አጋጣሚ የለውም። አንቺ ከብዙዎቹ የዶርም ጓደኞችሽ ይልቅ ይህ ያስፈልግሻል።

ስለዚህ ወደዚያው ቤት ተመለሺ። በአጋጣሚ አይደለም፣ አስበሽበት፤ በየቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከክፍል በፊት። ካሸሯ ጋ ከፍለሽ፣ ደረሰኙን ባንኮኒው ላይ አድርገሽ፣ በተሰባበረ ጣልያንኛሽ እዘዢ። ይሳሳታሉ፣ ትሳሳቻለሽ። ከጥቂት ቀን በኋላ ሰውየው ገና ስትገቢ ያውቅሻል። ክፍል ውስጥ የተማርሽው ጣልያንኛ ሥራ የሚጀምረው ያኔ ነው።

ፓሪስና ባርሴሎና ስለቀረብሽ አትቆጪ። እንዲያውም እዚህ ላይ ከጓደኞችሽ የተሻለ መርጠሻል። በየሳምንቱ አገር የሚቀያይር ሰው በብዛት የሚያውቀው አየር ማረፊያ ነው። ውጭ አገር መማር ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። በ1923 የዴላዌር ዩኒቨርሲቲ 8 ተማሪዎችን ፈረንሳይ ልኮ ነበር፤ በአሜሪካ የዚህ ዓይነት ፕሮግራም ጅማሮ ተደርጎ የሚጠቀሰው እሱ ነው። ተማሪዎቹ ፈረንሳዊ ቤተሰብ ቤት ገብተው ነበር የኖሩት። የአንቺ ዶርም ያን ዕድል አልሰጠሽም፤ ሁላችሁም ከአንድ ኮሌጅ ናችሁ። በራስሽ መንገድ ልትፈጥሪው ይገባል።

መንገዱ ደግሞ እግርሽ ላይ ነው። የካራካላ መታጠቢያ ፍርስራሽ አጠገብ የሮም ሯጮች የሚለማመዱበት የአትሌቲክስ ስታዲየም አለ፤ በዙሪያው ያለው መናፈሻም የሯጮች መንደር ነው። አንድ ቀን ወደ ማታ፣ ፀሐይዋ ስትበርድ ሂጂ። ሰውነት ማሟሟቅ፣ ዙር፣ እረፍት፤ ይህን ለማወቅ ቋንቋ አያስፈልግሽም። አንድ የሚመጥንሽ ቡድን ፈልጊና አብሬያችሁ ልሩጥ ብለሽ ጠይቂ። ውድድር ላይ ልመዝገብ ካልሽ ግን ቆም በዪ። መጀመሪያ የኮሌጅሽን ደንብ አስከባሪ ቢሮ ጠይቂ። ጣልያን ውስጥም ለውድድር የሐኪም ማረጋገጫ ይጠይቃሉ።

እሁድ ረጅም ሩጫሽን ጥንታዊው የአፒያ መንገድ ላይ አድርጊው። የመንገዱ የተወሰነ ክፍል እሁድ ለመኪና ይዘጋል። ድንጋዩ ያረጀና ጎርባጣ ስለሆነ ለቁርጭምጭሚትሽ ተጠንቀቂ፤ ዳር ዳሩን ያዢ። በ1960 የሮም ኦሎምፒክ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በ2:15:16 ያሸነፈው ማራቶን በምሽት፣ ወታደሮች ችቦ ይዘው እያበሩ፣ በዚህ መንገድ አልፏል። እሱና አሰልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ከውድድሩ በፊት መንገዱን አይተውት ነበር። የት ላይ ከሌሎቹ ተለይቶ መውጣት እንዳለበት የወሰኑትም ያኔ ሮም የነበረውን የአክሱም ሐውልት ምልክት አድርገው ነው። አንቺም በጆሮሽ ሙዚቃ ሰክተሽ አትለፊው። ቀና ብለሽ እያየሽ ሩጪ።

ውሃ ደግሞ አትሸከሚ። ሮም ውስጥ ከ1874 ጀምሮ የተተከሉ፣ ናዞኒ የሚሏቸው 2,500 ያህል የመንገድ ቧንቧዎች አሉ። አፋቸው ጎበጥ ያለ፣ ውሃው ቀኑን ሙሉ የሚፈስ። የሚፈስበትን ጫፍ በጣትሽ ስትደፍኚው ከላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጎንበስ ብሎ መጠጣት ነው። አንድ ሰፈሩን የሚያውቅ አዛውንት ሲጠጡ ቆመሽ ብታዪ ትችይዋለሽ።

ከሰዓት በኋላ መተኛትሽን አልቃወምም፤ ሯጭ እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ስትነሺ ግን ዶርም አትቆዪ። የሥነ ጥበብ ታሪክ እየተማርሽ ነው። ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፤ መግቢያው በነጻ ነው። የሠዓሊው የካራቫጆ ሦስት የቅዱስ ማቴዎስ ሥዕሎች እዚያ አሉ። ጨለማ ስለሆነ ሳንቲም ስትከቺ መብራቱ ይበራል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይጠፋል። አንዱን ሥዕል ብቻ ምረጪና ደጋግመሽ እዪው። በሌላ ቀንም ተመልሰሽ ሂጂ።

ይህ ሁሉ ዋጋ አያስከፍልም አልልሽም። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ቢል ብራድሊ በ1965 ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ የኒውዮርክ ኒክስ ቡድን እየጠበቀው ኦክስፎርድ ሄዶ ተማረ። እዚያ እያለ ለጣልያኑ የሚላኖ ቡድን ተጫውቶ በ1966 የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ዋንጫ አነሳ። ኋላ ከኒክስ ጋር በ1970ና በ1973 ሻምፒዮን ሆነ። ለእሱ ተሳክቶለታል። ማይረን ሮል ደግሞ በ2009 ፕሮፌሽናል የአሜሪካ ፉትቦሉን አዘግይቶ ኦክስፎርድ ሄደ። በዓመቱ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ ሲመርጡ እሱ የተመረጠው ስድስተኛ ዙር ላይ ነበር፤ በፉትቦሉ ሊግ፣ በኤንኤፍኤል፣ መደበኛ ውድድር ሳይጫወት ቀረ። ዛሬ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። አንቺም ሴፕቴምበር ላይ ከሰባቱ ውጪ ልትሆኚ ትችያለሽ። ይህ እንዳይሆን ተግተሽ ሩጪ። ከሆነ ደግሞ የሮምን ጥፋት አታድርጊው፤ አብረውሽ የሚሮጡት ልጆችም ጎበዞች ናቸው።

የመጨረሻው ጉዳይ አሰልጣኝሽ ናት። ስለ ሰመር ልምምድ ያለችሽ እውነት ነው። ግን ለእናንተ ለሯጮች የሰመር ልምምድ በደንቡ በፈቃደኝነት የሚሠራ ስለሆነ፣ ፕሮግራሙን እንደ ትእዛዝ ሳይሆን እንደ ምክር ተቀበዪው። ዝም ብለሽ ከምትፈሪያት ጻፊላት። በየሳምንቱ መጨረሻ አጭር መልእክት ይበቃል። ምን ያህል ሮጥሽ፣ ምን ያህል ሞቀ፣ ምን ተሰማሽ። የዘለልሽውንም አትደብቂ። ፕሮግራሙ ላይ ያለው ፍጥነት ለዚህ ሙቀት እንዲስተካከል ጠይቂያት፤ አሰልጣኝ ይህን መሥራት ሥራዋ ነው። ከካራካላ ሯጮች ጋር መለማመድ ከጀመርሽም ምን እንደሚሠሩ ንገሪያት። ቅዳሜ የምትልኪው የመጀመሪያው መልእክት ይሁን።