ፖሊስ ወይስ ዩኒቨርሲቲው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ስለሚደርስ ፆታዊ ጥቃት የላካችሁልኝ ጥያቄ ተከማችቷል። ዛሬ አምስቱን ላንሳ። ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው። ጠበቃ አይደለሁም፤ ነገሩ የገጠመው ሰው ጠበቃ ያማክር።

ልጄ ዶርም ውስጥ ጥቃት ደርሶባት ለዩኒቨርሲቲው አመልክታለች። ስደውል «ምንም ልንነግርዎ አንችልም» ይሉኛል። የምከፍለው እኮ እኔ ነኝ! (እናት፣ ሜሪላንድ)

ንዴትዎ ይገባኛል። ግን የተማሪን መረጃ ምስጢር የሚጠብቅ፣ ፌርፓ የሚባለው የ1974 ሕግ አለ። ልጅ ኮሌጅ ከገባች የመረጃዋ ባለቤት ራሷ ናት፤ ከፋዩ ማንም ይሁን። እሷ በጽሑፍ ከፈቀደች ያነጋግሩዎታል። አማካሪ አድርጋ ይዛዎት መግባትም ትችላለች። ብቻ ዩኒቨርሲቲው ራሱ በሚያደርገው ችሎት ላይ ተከሳሹን የሚጠይቀው አማካሪዋ ነው። እናት ሆኖ ያንን ልጅ ረጋ ብሎ መጠየቅ? እኔ ብሆን አልሞክረውም።

ፖሊስ ጋ መሄድ አልፈልግም። ዩኒቨርሲቲው ብቻ ቢይዘውስ? (ተማሪ፣ ቨርጂኒያ)

ይቻላል። መንገዶቹ ሁለት ናቸው፤ በአንዱ መሄድ ሌላውን አይዘጋም። ዩኒቨርሲቲው ማንንም አያስርም፤ ከባዱ ቅጣቱ ማባረር ነው። በወንጀል ችሎት ዓቃቤ ሕግ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ማስረዳት አለበት። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ግን «አልሆነም ከሚባል ሆኗል ቢባል ይቀርባል» ካሉ ይበቃቸዋል። ጠንከር ያለ ማስረጃ የሚጠይቁም አሉ፤ መመሪያቸውን አንብቢ።

መደበኛ ክስ ሳታቀርቢም ዶርም መቀየር፣ ክፍል መቀየር፣ ልጁ እንዳያገኝሽ ማሳገድ ትችያለሽ። ክፍያ የለውም።

አንድ ነገር ግን አይዘግይ። ሆስፒታል ሂጂ። የማስረጃ ምርመራው ነፃ ነው፤ ለፖሊስ አመልክቺ ብሎ የሚያስገድድሽ የለም። የለበስሽውን ሳታጥቢ በወረቀት ከረጢት ያዢው፤ ፌስታል እርጥበት ይይዛል። ቴክስቶቹንም፣ የሚያሳፍርሽንም ጭምር፣ አታጥፊ።

ሕጉ በየፕሬዚዳንቱ ይቀያየራል። አሁን የሚሠራው የቱ ነው? (ተማሪ፣ ዴንቨር)

በትምህርት ተቋማት የፆታ መድልዎን የሚከለክለው ሕግ፣ ታይትል ናይን፣ ራሱ ከ1972 ጀምሮ አለ። የሚቀያየረው የአፈጻጸም ደንቡ ነው። የባይደን አስተዳደር በ2024 አዲስ ደንብ አውጥቶ ነበር። በጥር 2025 ኬንታኪ ያለ የፌዴራል ዳኛ ሻረው፤ ወደ 2020ው ደንብ ተመለስን። በዚህ ደንብ ዩኒቨርሲቲ ሁለቱም ወገን የሚሰሙበት ችሎት ማድረግ ግዴታው ነው፤ መስቀለኛ ጥያቄም አለ። አንዱ ወገን ከጠየቀ በተለያየ ክፍል ሆነው በስክሪን ይተያያሉ። አማካሪ የሌለው በነፃ ይመደብለታል።

ተከሳሽም ሊሰማ ይገባዋል ባይ ነኝ። ግን አንዱ በሰዓት የሚከፈለው ጠበቃ ይዞ ሲገባ፣ ሌላዋ የተመደበላትን የቢሮ ሠራተኛ ይዛ ስትቀመጥ፣ እኩል ናቸው ለማለት አፌ አይደፍርም።

ወንድ ልጄ ተከሷል። የልጅቷን ቤተሰብ ከቤተ ክርስቲያን እናውቃቸዋለን። ሽማግሌ ብንልክስ? (አባት፣ ሚኒሶታ)

ጋሼ፣ ይቅርብዎ። በአገር ቤት ወግ ደግ ነገር ያሰቡ ይመስልዎታል። እዚህ ግን «በእመቤቴ ይሁንብሽ፣ ክሱን ተይው» የሚል አንድ ስልክ ከሳሽን ማስፈራራት ተብሎ ሊያዝ ይችላል። ደንቡ ማንም ሰው ይህን እንዳያደርግ ይከለክላል። ልጅዎ እንዳያገኛት ታግዶ ከሆነ ደግሞ፣ በሰው በኩል መላክም አብዛኛውን ጊዜ እገዳውን መጣስ ነው። ሌላ ክስ ጨመሩበት ማለት ነው። ለእሷም አስቡላት፤ እሁድ ቅዳሴ ላይ ሽማግሌዎቹን ስታያቸው ምን ትሁን?

ዩኒቨርሲቲው ራሱ ያለ ችሎት የሚያስማማበት መንገድ ሊኖረው ይችላል። ሁለቱም በጽሑፍ ከተስማሙ ብቻ ነው፤ ሳያልቅ ሐሳብ መቀየርም ይቻላል።

ልጅዎም መብት አለው። እስኪወሰንበት ድረስ ጥፋተኛ አይባልም። ማስረጃውን አይቶ መልስ ለመስጠት ቢያንስ 10 ቀን አለው። ይግባኝም ይላል። የሽማግሌውን ድካም ትተው ጠበቃ ይያዙለት። ፖሊስ ከገባበት በተለይ፣ ዩኒቨርሲቲው ፊት ያለው ቃል ፍርድ ቤት ሊከተለው ይችላል። በኒውዮርክና በቨርጂኒያ ደግሞ በእንዲህ ያለ ጥፋት መባረር ትራንስክሪፕት ላይ ይጻፋል።

ኤፍ ዋን ቪዛ ላይ ነኝ። ከጥቃቱ በኋላ ትምህርት አልገባ አለኝ፤ ኮርስ ልጥል ነው። (ተማሪ፣ ቴክሳስ)

ከመጣልሽ በፊት የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሂጂ። በሐኪም ወረቀት ኮርስ ማቅለል ይፈቀዳል፤ ፈቃዱ ግን መቅደም አለበት። ሳትነግሪያቸው ከጣልሽ ቪዛሽ ይበላሻል። ለወንጀል ተጎጂዎች ስለሚሰጠው ዩ ቪዛም ጠይቀሻል። እሱ ለዩኒቨርሲቲው በማመልከት ብቻ አይገኝም፤ እንደ ፖሊስ ወይም ዓቃቤ ሕግ ያለ አካል «ተባብራናለች» ብሎ መፈረም አለበት። ስለዚህ ፖሊስ ጋ ላለመሄድ ከመወሰንሽ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አነጋግሪ።