ሆዱ ድንጋይ የሚነካ አሮጌ ሞተር ሳይክል

ጠያቂያችን በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች እየተዘዋወሩ እንስሳትን የሚያክሙ ባለሙያ ናቸው። ሞተር ሳይክላቸው በሆንዳ ሲጂ 125 አምሳያ የተሠራ፣ ከኋላ ሁለት አሞርዛተር (የመንገዱን ንዝረት የሚያበርድ፣ ሞላ ያለው ዘንግ) ያለው፣ ከ15 ዓመት በላይ ያገለገለ ነው። የክትባት ሣጥን ጭነው፣ አንዳንዴም ረዳታቸውን አፈናጠው ሲጓዙ ከሥር ድንጋይ ይመታቸዋል፤ ኋላውም በየጉድጓዱ እየተንኳኳ ወገባቸውን ጎድቶታል። ረዘም ያለ አሞርዛተር በመግጠም ኋላውን 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲያደርጉ ስለተመከሩ፣ ያዋጣ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

5 ሴንቲ ሜትሩን አልመክርዎትም። የሞተሩ ሆድ የሚገኘው በሁለቱ ጎማዎች መካከል በመሆኑ፣ ኋላው 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል መሐሉ የሚያገኘው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከ5 ሴንቲ ሜትሩ ለሆዱ የሚደርሰው ሁለት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ በምላሹ ፊቱ ያዘነብላል፣ መሪው በጠጠር ላይ ይቅበዘበዛል፣ ካቴናው (ሰንሰለቱ) የኋላውን ጎማ የያዘውን ክንድ መፋቅ ይጀምራል፣ የጎን መቆሚያውም ያጥራል። የእርስዎ ሞተር ሳይክል ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ቁመት በእርጅና ያጣ ይመስለኛል፤ መጀመሪያ እሱን መመለስ ይቀድማል።

ከሁሉ በፊት ከሥሩ ገብተው የሚመታው የትኛው አካል እንደሆነ ይዩ። አዲስ ጭረት እንደ ብር ስለሚያብለጨልጭ አይሰወርም። ብዙ ጊዜ የሚመታው ሞተሩ ሳይሆን ዋናው መቆሚያ ነው፤ ሞላው ስለሚላላ ወደ ላይ ተጣብቆ መቀመጥ ሲገባው ተንጠልጥሎ ይሄዳል። ይህ ከሆነ መፍትሔው አንድ ሞላ መቀየር ብቻ ነው።

ቀጥሎ ሞተር ሳይክሉን በዋናው መቆሚያ አቁመው፣ የኋላው ጎማ ከመሬት ተነሥቶ ሳለ፣ ከጎማው ዘንግ መሐል አንሥቶ ቀጥታ በላዩ ፓራፋንጎው (ጭቃ መከላከያው) ላይ እስካደረጉት ምልክት ድረስ ይለኩ። ከዚያ ከመቆሚያው አውርደው ይቀመጡበትና ሌላ ሰው እንዲለካ ያድርጉ። በዚህ ዓይነት ሞተር ሳይክል የኋላው ጎማ ጠቅላላ እንቅስቃሴ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ብቻዎን ሲቀመጡበት ልዩነቱ ከ2.5 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጤነኛ ነው። ከ4 ካለፈ ግን ሞላው ደክሟል፤ ሣጥኑና ረዳትዎ ሲጨመሩ የሚሰሙት ድምፅም አሞርዛተሩ መጨረሻው ላይ ሲጋጭ የሚወጣው ነው። ከሞላው ሥር ያለውን ደረጃ ያለው ቀለበት ማዞር ቁመት ይመልሳል እንጂ የላላውን ሞላ ጠንካራ አያደርገውም። ኋላውን በኃይል ተጭነው ሲለቁትም ተመልሶ መርጋት አለበት፤ ደጋግሞ ከዘለለ ወይም በዘንጉ ላይ ዘይት ካዩ የውስጡ ዘይት አልቋል።

አዲስ ሲገዙ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይቀይሩ። ከላይኛው ቀዳዳ መሐል እስከ ታችኛው ቀዳዳ መሐል ያለው ርዝመት ከቀድሞው ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ቢበልጥ ይበቃዎታል። ከርዝመቱ ይልቅ የሞላው ሽቦ ውፍረት ላይ ያተኩሩ፤ የሞላው ስፋትና የጥቅልሉ ብዛት እኩል ከሆነ፣ ከ7 ሚሊ ሜትር ወደ 7.5 የተሻገረ ሽቦ ጥንካሬው በሲሶ ገደማ ይጨምራል። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ቢልዎትም በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ይለኩ።

የአሮጌውን ጫፍ በብየዳ ማስረዘም ግን ፈጽሞ አይሞከር። አንድ ጋራዥ እንዲህ ያስረዘመለት ደንበኛ መጥቶልኝ ነበር፤ የብየዳው ሙቀት የዘይት መያዣ ላስቲኩን አቃጥሎት፣ የግራው ጫፍ ከነጭነቱ ተበጥሶ፣ ጎማው ከክንዱ ጋር ተጣብቆ ቆሟል። ቁልቁለት ላይ አለመሆኑ ዕድሉ ነው።

አሞርዛተሩ ተፈትቶ ሳለ የኋላውን ክንድ ጫፍ ይዘው ወደ ግራና ቀኝ ይግፉት። ትንሽ እንኳ ቢንኳኳ ክንዱ የሚዞርባቸውን ቡሾች ቀይረው፣ ዋናውን ቡሎን በግራሶ ቀብተው ይግጠሙ፤ ይህ ካልተደረገ አዲሱ አሞርዛተር የመሪውን መዋለል አያስቀረውም። ፊቱም እንዳያዘነብል የፊት አሞርዛተሮቹን ዘይት ይቀይሩና በየሞላቸው አናት ላይ እኩል የተቆረጠ የ1 ሴንቲ ሜትር ቧንቧ ያክሉ። ጎማዎቹ ሲያልቁ አንድ ደረጃ ወፍራም፣ ለምሳሌ በ2.75 ፋንታ 3.00 ቢያስገቡ በሁለቱም በኩል 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራል፤ ፓራፋንጎውንና ካቴናውን የማይነካ መሆኑን ግን አስቀድመው ያረጋግጡ።

የፍሬኑን ዘንግና የፊት መብራቱን አቅጣጫ እንደገና ያስተካክሉ። ካቴናውን ደግሞ በባዶው አይወጥሩ፤ በጣም የሚወጠረው ካቴናውን የሚያዞረው የፊተኛው ጥርስ መሐል፣ የክንዱ ቡሎንና የጎማው ዘንግ በአንድ መስመር ሲሰለፉ ስለሆነ፣ እስኪሰለፉ ድረስ ሰው አስቀምጠውበት፣ በዚያ ሁኔታ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲላላ አድርገው የዘንጉን ዳዶ ያጥብቁ።