መልስ፦ መደቡ ውሃ የሚያቁረው ከሙሌቱ ነው

እህቴ፣ አዘዞ ጓሮሽ ውስጥ በጣውላ የሠራሽው ከፍ ያለ መደብ ክረምት ሲገባ ውሃ አቁሮ ቆስጣው ለምን እንደገረጣ ጠይቀሻል። ዋልካ አፈር ብቻውን ከሞላሽበት ምክንያቱ እሱ ነው፤ በዝናብ ይጨቀያል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ሲሶ ያህሉ በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ ይሁን። ትኩስ ፍግ ግን ሥር ያቃጥላል፤ ወራት ይቆይ። ጥቂት አሸዋ ጨምሪበት የሚሉሽን እባክሽ አትስሚ፣ ከዋልካ ጋር ሲደባለቅ ይብሱን ይጠጥራል። ከሥሩ ላስቲክ አንጥፈሽ ከሆነ ዛሬውኑ አውጪው፤ ውሃው መውጫ አጥቷል።

ወርዱ ከ1.2 ሜትር አይብለጥ። እጅሽ ከሁለቱም ወገን መሐሉ ካልደረሰ መርገጥሽ አይቀርም፣ የተረገጠ አፈር ደግሞ አይተነፍስም። ከባሕር ዛፍም አርቂው፤ የእኔን የመጀመሪያ መደብ ሥሩ ከታች ገብቶ እርጥበቱን ጨርሶበታል። ቆስጣውን አትንቀይው፣ ውሃው ሲወርድለት አዲስ ቅጠል ሊያወጣ ይችላል።