ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ልጆቼ ግርዶሹን በብየዳ መነጽር ይዩት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው አዳማ ነው፤ ባለቤቴ ብየዳ ቤት አለው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ፀሐይ ስትጋረድ ሠራተኞቹ በብየዳ መነጽር፣ ጎረቤቶቻችን ደግሞ በአሮጌ የራጅ ፊልም አይተዋል፤ ዓይኔን አመመኝ ያለ የለም። በ2023 ደግሞ ሌላ ቀለበታዊ ግርዶሽ አለ ሲባል ልጆቼ ከወዲሁ በመነጽሩ ይሻማሉ። ልፍቀድላቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔን ያሳሰበኝ «አመመኝ ያለ የለም» ያሉት ነው። ባለቤትዎ እንደሚያውቀው፣ ብየዳ ዓይኑን የመታው ሰው ማታውን አሸዋ የገባበት ይመስል ሲቆረቁረው፣ እንባው ሲወርድ ያድራል። የተጎዳው ፊተኛው ሽፋን፣ ኮርኒያ ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ፀሐይን ትኩር ብሎ ያየ ሰው ግን የሚጎዳው ከኋላ ያለው ሬቲና ነው። ሬቲና ሕመም አይሰማውም። ሰውየው ደኅና ነኝ ብሎ ይተኛል፤ ከሰዓታት በኋላ ወይም በማግስቱ ሲያነብ መሐል ላይ ያለው ፊደል ይጠፋበታል፣ የበሩ መቃን ይጣመምበታል። ፍቱንነቱ የተረጋገጠ መድኃኒት የለውም። ብዙዎች በወራት ውስጥ ይሻላቸዋል፤ ጥቁሩ ነጥብ ዕድሜ ልክ የሚቀርባቸውም አሉ።

መነጽሩን በተመለከተ፣ መስታወቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይዩ። ለፀሐይ የሚሆነው 14 ነው። ለተለመደው የኤሌክትሪክ ብየዳ የሚያገለግለው 10 ወይም 11 አይበቃም፤ የጋዝ ብየዳው መነጽር ጭራሽ አይታሰብም። ራጅ ፊልም፣ ጥላሸት የተቀባ መስታወት፣ ሲዲ፣ ተራ የፀሐይ መነጽር፣ ሳፋ ውስጥ ባለ ውኃ ማየት፣ ሁሉም ይቅሩ። ለግርዶሽ ተብሎ የተሠራው መነጽር አይ.ኤስ.ኦ 12312-2 የሚል ጽሑፍ አለበት፤ ከተጫረ ወይም ከተቀደደ ግን ይጣል።

ለልጆቹ አንድ ነገር ይንገሯቸው፦ ቀለበቱ አዳማ ላይ አይታይም። ግንቦት 13 ቀን 2023፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ቀለበቱ የሚያልፈው በአንጎላ፣ በኮንጎ፣ በዛምቢያና በታንዛኒያ አድርጎ ወደ ደቡብ ሕንድ ነው። እኛ ጋ ፀሐይ በከፊል ብቻ ትጋረዳለች። ቀለበቱ በሚታይበት አገርም ቢሆን መነጽር የሚወልቅበት ደቂቃ የለም፤ ጨረቃዋ ከምድር ራቅ ስለምትል ፀሐይን ሙሉ በሙሉ አትሸፍንም፣ በዚያ ቀን 8 በመቶ ያህሉ ገጿ ክፍት ይቀራል። የቀረችው ቁራጭ ደግሞ ዓይን የምታቃጥለው እንደ ሙሉዋ ነው።

እስከ 2023 ሳይቆዩም ሐምሌ 26 ቀን 2019 ሰኞ ከቀትር በኋላ ከፊል ግርዶሽ አለ። ክረምት ነውና ደመናው ያዘናጋል፤ በስስ ደመና ውስጥ ፀሐይ ለስለስ ብላ ስትታይ ሰው ዓይኑን ሳይነቅል ያያታል። ያኔ ልጆቹ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው፣ በወንፊት ቀዳዳ ያለፈውን ብርሃን ነጭ ወረቀት ላይ ይዩት፤ እያንዳንዷ ቀዳዳ ማጭድ የምትመስል ትንሽ ፀሐይ ትሠራለች። በወንፊቱ አሻግሮ ወደ ላይ ማየት ግን አይፈቀድም፤ ይህን ደጋግመው ይንገሯቸው፣ ልጆች ይረሳሉ።

በ2012 ያዩት ሠራተኞችም አንድ ዓይናቸውን እየሸፈኑ የጋዜጣ ጽሑፍ ያንብቡ። በአንደኛው ዓይን መሐሉ የሚደበዝዝ ወይም መስመሩ የሚጣመም ካለ፣ ከፋርማሲ ጠብታ ገዝቶ ጊዜ ከሚያጠፋ ሬቲናው እንዲታይለት ወደ ዓይን ሐኪም ይሂድ።