ጉንጯ ያበጠው ቆሮሶ አልታመመችም

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ ዙሪያ በሚገኝ የገጠር ቀበሌ የምኖር አርሶ አደር ነኝ። ከስምንት ወር በፊት 10 በ15 ሜትር በሆነ የአፈር ኩሬ ውስጥ 300 የቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ጫጩቶች ጨምሬ ፍሩሽካና ፋጉሎ (የቅባት እህል ተረፈ ምርት) እመግባቸው ነበር። ዛሬ ኩሬው ጣት በሚያካክሉ ዓሦች ተሞልቷል፤ ለገበያ የሚሆነው ግን ጥቂት ነው። ትልልቆቹ እርስ በርስ ይባረራሉ፣ ወለሉንም ይቆፍራሉ። ጉንጫቸው አብጦ መብላት ያቆሙትን በሽታ መስሎኝ እያወጣሁ ጣልኳቸው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ያወጧቸው ዓሦች የታመሙ ሳይሆኑ እንቁላላቸውን በአፋቸው የተሸከሙ እናቶች ሳይሆኑ አይቀሩም። በሐዋሳ፣ በዝዋይ፣ በጫሞና በጣና ሐይቆች የሚገኘው ቆሮሶ በርቢ ወቅት ወንዱ ጥልቀት በሌለው ውኃ ወለሉን በአፉ እየዛቀ ሳህን የመሰለ ጎድጓዳ ያበጃል፤ ያንን ቦታም እንደ ግዛቱ ይዞ የቀረበውን ወንድ ሁሉ ያባርራል። ሴቷ መጥታ እንቁላሏን እዚያ ከጣለችና ወንዱ ካስረገዘው በኋላ ወዲያው ለቅማ በአፏ ትይዘዋለች። እንደ ውኃው ሙቀት እንቁላሉ በጥቂት ቀናት ይፈለፈላል፤ ጫጩቶቹ ራሳቸውን ችለው እስኪዋኙ ድረስ ግን እስከ ሁለት ሳምንት ያህል ከአፏ አይለዩም፤ ከወጡ በኋላም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው ይገባሉ። በዚህ ጊዜ ሁሉ እናቲቱ ምግብ የምትቀምሰው እምብዛም ነው። ስለዚህ ጉድጓዱም ሆነ የጉንጩ እብጠት መድኃኒት አያሻውም።

እውነተኛው ችግር የርቢው ብዛት ነው። እርስዎ በካሬ ሜትር ሁለት ዓሣ መጨመርዎ ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን ቆሮሶ በኩሬ ውስጥ ገና ከ30 እስከ 50 ግራም ሲመዝን፣ በጥቂት ወራት ዕድሜው፣ ለርቢ ይደርሳል። ውኃው ከ24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እስከሆነ ድረስም በየጥቂት ሳምንቱ ይራባል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ድሬዳዋ ሙቀቷ ለዓሣ ዕድገት የሚመች ቢሆንም፣ ለርቢው የዚያኑ ያህል ትመቻለች፤ ከፍ ባለው የሐረር አካባቢ ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ርቢውን ያቀዘቅዘዋል፣ ዕድገቱንም አብሮ ይጎትተዋል። ስለዚህ የሰጡት ፍሩሽካና ፋጉሎ ለ300 ዓሣ ታስቦ በሺህ ለሚቆጠር አፍ ተከፋፍሏል።

አሁን በመረብ ማሳሳቱ ለጊዜው ቢጠቅም እንጂ አያዛልቅም። እንደ እኔ ግምት ኩሬውን ሙሉ በሙሉ አፍስሰው፣ ትልልቁን ሸጠው፣ ትንንሹን አድርቀው ለዶሮ መኖ ቢያውሉት ይሻላል። ወለሉ እስኪሰነጣጠቅ በፀሐይ ይድረቅ፤ ውኃ የቋጠሩ ቦታዎች ላይ ኖራ ይበትኑ፤ በትንሽ ረግረግ የቀሩ ጥቂት ጫጩቶች ሁሉን ነገር ወደ ነበረበት ይመልሱታልና።

ቀጥሎ ወንዶችን ብቻ ያስገቡ፤ ሴቷ ጉልበቷን ለእንቁላል ስለምታውል ወንዱ ፈጥኖ ያድጋል። ጫጩቱ 30 ግራም ገደማ ሲደርስ በሆዱ በኩል ከፊንጢጣው ኋላ ያለችውን ትንሽ ጉጥ ይመልከቱ፤ የወንዱ ሹል ስትሆን በላይዋ አንድ ቀዳዳ ብቻ አላት፣ የሴቷ ግን ሰፋ ያለችና ሁለት ቀዳዳ ያላት ናት። አንድ ጠብታ የምግብ ማቅለሚያ ቢያስነኩት ቀዳዳዎቹ ጎልተው ይታያሉ። ዓይን እስኪለምድ ስህተት አይጠፋም፤ ስለዚህ ያመለጡት ሴቶች የሚያፈሩትን ጫጩት እንዲበላልዎ ጥቂት አምባዛ (ሌሎች ዓሦችን የሚበላ ዓሣ) ይጨምሩ፣ ሆኖም አምባዛው ከቆሮሶው ማነስ አለበት፣ ካልሆነ የሚበላው ዋናውን ሀብትዎን ነው።

የጉድጓድ ውኃ የሚጠቀሙ ከሆነ አየር እንዲያገኝ ከከፍታ እየወደቀ ይግባ። አጠገብዎ ጫት ካለና ፀረ ተባይ የሚረጭ ከሆነም የዝናብ ጎርፉን ከኩሬው የሚያርቅ ቦይ ከክረምት በፊት ይቆፍሩ።