ወባን በማይክሮስኮፕ መለየት፦ ጥያቄና መልስ

ክረምቱ እየወጣ ነው። ከመስከረም በኋላ በጣና ዙሪያ ወባ ይበረታል። ባሕር ዳር ላይ የላብራቶሪ ባለሙያዎችን ስለማሠለጥን ስለ ስላይድ (ደም የተቀባበት መስታወት) አሠራርና ንባብ የምትፈልጉትን ጠይቁኝ። ስለ ሥልጠና አበል ግን አልመልስም።

ከወረታ፦ ጋሼ፣ ስላይዴ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ ይበዛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙውን ጊዜ የቀለም ዝቃጭ ነው። ጂምሳውን (ስላይዱ የሚቀለምበትን ቀለም) አጣራው። 10 በመቶ ከሆነ 10 ደቂቃ፣ 3 በመቶ ከሆነ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይቆይ። የምታቀጥነው በቡፈር (አሲድነቱ ቶሎ በማይለወጥ ውሁድ) ነው፤ ፒኤቹ (የአሲድነቱ ልክ) 7.2 ይሁን። ቡፈሩ ወደ አሲድ ካደላ ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ቀይ ሴሉ ላይ የሚያወጣቸው ነጠብጣቦች አይታዩህም። ትናንት የተበጠበጠውን ድፋው።

ብዙ ሰው የሚያበላሸው ግን ሲያጥብ ነው። ደቂቃው ሲሞላ ስላይዱን ዘንበል አድርጎ ቀለሙን ይደፋል። ላይ የተንሳፈፈው የሚያብለጨልጭ ስስ ሽፋን ያኔ ደሙ ላይ ይለጠፋል። ስላይዱን እንደተጋደመ ተወው። ከጠርዙ ውሃ በቀስታ ጨምርበት፣ ሽፋኑ ተንሳፎ ይውጣ። ከዚያ እጠብና አቁመህ አድርቅ። ሜታኖል (ደሙን መስታወቱ ላይ የሚያጸናው አልኮል) ደግሞ ለቀጭኑ ስሚር (ሳስቶ ለተቀባው ደም) ብቻ! ወፍራሙን ከነካው ቀይ ሴሎቹ አይፈነዱም፤ ጥገኛውን (የወባውን ተሕዋስ) አታየውም።

ከመራዊ፦ ስንት ፊልድ ማየት ይበቃል?

መልስ፦ ፊልድ ማለት በሌንሱ በአንድ ጊዜ የሚታየው ቦታ ነው፤ ወፍራም ስሚር ላይ ቢያንስ 100። 100 ሳታይ «የለም» ብለህ አትጻፍ።

ከሐሙሲት፦ ማይክሮስኮፔ አያሳይም።

መልስ፦ ምኑ? ሌንሱ? መብራቱ? ዘይቱ? እንዲህ ከተጠየቅኩ ምን ልመልስ? ሌንሱን በሌንስ ወረቀት ጥረግና በዝርዝር ጻፍልኝ።

ከባሕር ዳር፣ ተማሪ ነኝ፦ የወባ ዓይነቶቹ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ ይምታቱብኛል።

መልስ፦ ቀጭኑን ስሚር እይ። ቀይ ሴሉ ተልቆ ነጠብጣብ ካወጣ ቫይቫክስ ነው። ሴሉ መጠኑን ካልለወጠ፣ ቀለበት መሳይ ጥገኞቹ ስስ ከሆኑ፣ አንድ ሴል ውስጥ ሁለት ሦስት ከገቡ፣ ወይም የሙዝ ቅርጽ ያለው ጋሜቶሳይት (የጥገኛው የመራቢያ ደረጃ) ካለ ፋልሲፓረም ነው። ሁለቱም አገራችን ውስጥ በብዛት አሉ። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ስለሚመለስ ሕክምናው ይለያል።

ከዘጌ፦ ለሕፃን ኳርተም ስንት ፍሬ ይሰጣል?

መልስ፦ የላብራቶሪ ጥያቄ አይደለም። ሐኪሙን ጠይቂ።

ከአዲስ ዘመን፦ አርዲቲ (ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ) እያለ ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን?

ከወረታ፦ ወንድሜ፣ ኤችአርፒ2 የተባለው ፕሮቲን የሌለው ፋልሲፓረም አገራችን ውስጥ ተገኝቷል። እሱን ብቻ የሚፈልግ አርዲቲ ያመልጠዋል።

ከአዲስ ዘመን፦ መብራት ሲጠፋስ በማይክሮስኮፕህ ምን ልታይ ነው?

ከወረታ፦ መስታወት ያለውን ማይክሮስኮፕ በመስኮት ብርሃን እሠራበታለሁ። ጀነሬተርም አለ።

ከሐሙሲት፦ የእናንተ ጤና ጣቢያ ጀነሬተር አለው? የኛ ከተበላሸ ቆየ...

መልስ፦ ወደ ጉዳዩ ተመለሱ። አርዲቲ ጤና ኬላ ላይ ያስፈልጋል። ግን የጥገኛውን ብዛት አይነግርህም፤ በሽተኛው ከዳነ በኋላም ለሳምንታት «አለ» ሊል ይችላል። ስላይድ ላይ ደግሞ ሌላም ታገኛለህ። በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ትኩሳት ባሕር ዳር ውስጥ የቆሎ ተማሪዎችንና ጎዳና ላይ የሚያድሩትን ያጠቃል። ጠመዝማዛው ተሕዋስ በዚያው በጂምሳ ስላይድ ይታያል።

የአዲስ ዘመኑ፣ የአንተው አካባቢ ታሪክ አለው። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ ካላዛር የተባለው በሽታ ሲነሳ መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ተብሎ ነበር። ሐኪሙ ሌላ በሽታ የሚፈልገው «ወባ የለም» ያልከውን ሲያምንህ ነው። 100 ፊልድ እያልኩ የምጨቀጭቃችሁ ለዚህ ነው።

ከመራዊ፦ 50 ላይ ካላገኘሁ ማቆም እችላለሁ?

መልስ፦ መልሼዋለሁ። 100!

ከቆላድባ፦ ጋሼ፣ ቆጠራውን አንድ ጊዜ ያሳዩን።

መልስ፦ ጥገኛውንና ነጭ ሴሉን አብረሽ ቁጠሪ። 200 ነጭ ሴል ላይ ስትደርሺ ጥገኛው 100 ካልሞላ እስከ 500 ነጭ ሴል ቀጥይ። ለምሳሌ በ200 ነጭ ሴል 150 ጥገኛ ካገኘሽ፣ 150 ሲባዛ በ8,000 (በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ አለ ተብሎ የሚገመተው ነጭ ሴል) ሲካፈል ለ200፣ 6,000 በማይክሮሊትር ይሆናል። የጀመርሽውን ፊልድ ሳትጨርሺ አታቁሚ። የመጨረሻው ፊልድ ነጭ ሴሉን ከ200 ካሳለፈው፣ የምታካፍዪው በትክክል ለቆጠርሽው ነው።