ደበርጃኔን ማን ወንፊት አደረገው?

ጥያቄ፦ የደበርጃን ችግኞቼ ቅጠል እንደ ወንፊት ተበሳሳ። ልነካቸው ስል ጥቃቅን ጥቁር ነገሮች ዘለው ይጠፋሉ። ሳሙና በውሃ በጥብጬ ብረጭም ለውጥ የለም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ዝላያቸው አጋልጧቸዋል። እንደ ቁንጫ የሚዘሉ፣ 2 ሚሊሜትር አካባቢ የሆኑ ጥንዚዛዎች ናቸው። ሳሙናው ለክሽክሽና ለነጭ ዝንብ ይሠራል፤ ያውም ገላቸውን ካገኘው ብቻ። እነዚህ ግን ጠብታው ሳይደርስባቸው እብስ ይላሉ።

እኔ የምተማመነው በስስ መረብ ነው። ችግኙን በተከሉበት ቀን ያልብሱት፣ ጠርዙን አፈር ይጫኑበት። በተከሉበት ቀን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ጊዜ ሳምንት ዘግይቼ አለበስኩና ጥንዚዛዎቹን ከነምሳቸው ቆለፍኩባቸው። በሦስተኛው ቀን የቀረኝ ግንዱ ነበር! ሌላም ወጥመድ አለ። እጮቻቸው አፈር ውስጥ ሥር እየበሉ ያድጋሉ። ስለዚህ ባለፈው ወቅት ደበርጃን፣ ቲማቲም ወይም ድንች የነበረበት መደብ ላይ ከተከሉ፣ ጠላት ከመረቡ ሥር ይፈለፈላል። ቦታ ይቀይሩ።

አበባ ሲጀምር መረቡን ያንሱት፤ ንብ ስትጎበኘው ፍሬው ይበረክታል። ያኔ ተክሉ ስለጠነከረ ጥቂት ቀዳዳ አያስጨንቅዎት። እኔ መቁጠር ትቻለሁ።

የቀንበጡ ጫፍ ብቻ ጠውልጎ ካዩ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ሰንጥቀው ይዩት፤ ውስጡ ትል ካለ ከጠወለገው ዝቅ አድርገው ቆርጠው ያቃጥሉት። ማሳው ዳር መጣል አይሆንም፤ ትሉ ወጥቶ እድገቱን ይጨርሳል።